እግር የሚችለው ተራራ

ራስ ደጀን አናት ላይ ለመድረስ ገመድ አያስፈልግም። የበረዶ መጥረቢያም፣ ብረት የተገጠመለት ጫማም፣ ዓመታት የፈጀ ሥልጠናም አይጠየቅም። አብዛኛው መንገድ የአገሬው ሰው ወደ ገበያና ወደ ግጦሽ የሚመላለስበት ነው፤ እጅ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ባለችው አጭር የቋጥኝ መወጣጫ ብቻ ነው። በ4,550 ሜትሩ የኢትዮጵያ ከፍተኛው ቦታ ነው። ጤናማ የሆነና ከጧት እስከ ማታ መራመድ የሚችል ሰው ግን፣ ከዚያ በፊት ከእንጦጦ በላይ ወጥቶ ባያውቅም ይደርስበታል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች "ለጀማሪ የሚሆን" ከሚሏቸው ከፍታዎች አንዱ ነው፤ አባባሉም ሐሰት የለበትም።

አደጋው የሚመነጨው ከዚሁ ቅለት ነው። በገደልና በበረዶ የታጠረ ተራራ ወጪውን ሳይወድ ያዘገየዋል። ገመድ እስኪዘረጋ፣ ማዕበል እስኪያልፍ፣ ድንኳን እስኪተከል ቀናት ይነጉዳሉ፤ በነዚያ ቀናት ሰውነት ከስስ አየር ጋር ሳይታወቀው ይላመዳል። እግር የሚችለው ተራራ ይህን ፋታ አይሰጥም። ጠንካራ ሰው ደስ እያለው ይገሠግሣል፣ ጉልበቱም ከሳንባውና ከደሙ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ተራራው ያላስቀመጠውን እንቅፋት አንድ ሰው ሊያስቀምጥ ይገባል። አስጎብኚ ይዞ የመውጣት ዋናው ትርጉም፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው። መንገዱንማ ማንም እረኛ ያሳያል።

ከፍታ ላይ ኦክስጅን ያንሳል ሲባል ብዙ ሰው የአየሩ ቅንብር የተለወጠ ይመስለዋል። ምጽዋ ወደብ ላይም ሆነ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ከአየሩ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን የሚጫነን አየር ያንሳል፣ የከበበንም አየር ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይጎድላል። በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ራስ ደጀን በሚወስደው መንገድ ባለው የቧሂት መሻገሪያ ላይ አንድ ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን አጥብቆ ዘግቶ ቦርሳው ውስጥ ይክተት። ቆላው ድረስ ሲወርድ ፕላስቲኩ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ያገኘዋል። ማንም አልረገጠውም፤ ከታች ያለው ወፍራም አየር ጨፍልቆታል።

አዲስ አበባ ውስጥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በራስ ደጀን መንገድ፣ 3,620 ሜትር ላይ ባለው የጨነቅ ካምፕ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል፤ ራስ ደጀን አናት ላይ ደግሞ ከ60 በመቶ ያንሳል። የአዲስ አበባ ሰው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ይልቅ ግማሹን መንገድ አስቀድሞ የተጓዘ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ግማሽ ግን እሱንም ያንገላታል።

ሰውነት ጉድለቱን የሚያውቀው በአንገታችን ግራና ቀኝ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር በሚከፈልበት ቦታ ባሉ ጥቃቅን ጠቋሚ አካላት ነው። እነሱ ኦክስጅን ማነሱን ሲያስታውቁ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ይጠልቃልም። ይህ የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚጠቅመው መልስ ነው። ነገር ግን በፍጥነት ስንተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ይወጣል፤ እሱ ሲቀንስ የደሙ የአሲድ ሚዛን ይዛባል፤ ያኔ አንጎል "በቃ፣ ቀንስ" ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። አንዱ ወገን ተንፍስ ይላል፣ ሌላው አቁም ይላል። ሌሊት ድንኳን ውስጥ አጠገባችን የተኛው ሰው ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ በጥልቀት ስቦ ሲጀምር የምንሰማው ይህንኑ ክርክር ነው። የመጀመሪያ ሌሊት የሚሰማው ሰው ይደነግጣል፤ ብቻውን ሲታይ ግን በሽታ አይደለም።

ክርክሩን የሚፈቱት ኩላሊቶች ናቸው። በቀናት ውስጥ ትርፉን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወገዱ የደሙን ሚዛን ይመልሳሉ፣ አንጎልም ትንፋሹን ይለቅቃል። ከፍታ ላይ ቶሎ ቶሎ ሽንት መምጣቱ ጥሩ ምልክት የሆነው ለዚህ ነው። የቀይ ደም ሕዋሳት መብዛት ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ለአንድ ሳምንት ተጓዥ ብዙም አይደርስለትም። እንግዲህ ጀማሪው የሚተማመነው በትንፋሹና በኩላሊቱ ላይ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ በጀግንነት አይፈጥንም። ጊዜውን ይፈልጋል።

የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት መለኪያም ከዚህ የመጣ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨመርም፤ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ ተጨማሪ ሌሊት በዚያው ከፍታ ይታደራል። የሚቆጠረው ሌሊት የተኙበት ቦታ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ለመኝታ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፣ እንዲያውም ይመከራል።

አሁን መኪናውን እናምጣ። ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ቧሂትን ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ የሚወርድ የጠጠር መንገድ አለ። ከመሻገሪያው አጠገብ ከፍታው 4,200 ሜትር ገደማ ነው። ለአገሩ ሰው በረከት ነው፤ ሕመምተኛም እህልም በዚህ መንገድ ይጓጓዛል። ለችኩል እንግዳ ግን ወጥመድ ነው። ጧት ጎንደር በ2,100 ሜትር ቁርሱን የበላ ሰው ከሰዓት በኋላ ጨነቅ ላይ ድንኳን ሊተክል ይችላል። አንድም ላብ ሳይወርደው በአንድ ቀን የመኝታ ከፍታውን 1,500 ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ከመኪናው ሲወርድ ደህና ነው፤ ፎቶ ያነሳል፣ ዋልያ ይፈልጋል፣ ከጭላዳዎች መሀል ይቀመጣል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከደረሱ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ በመሆኑ ራሱን የሚያመው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከጥምቀት በዓል በኋላ ጎንደር ላይ ሦስት ቀን ብቻ የተረፋቸው፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የመጡ ወገኖቻችን ይህን አቋራጭ ሲመርጡ እጅግ ያሳስበኛል። ናፍቀውት የመጡት ተራራ ነው፤ ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው ማደሩ ያሳዝናል።

በእግር የሚኬደው የቆየው መሥመር ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ደባርቅ በ2,850 ሜትር ይታደራል። እዚያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና የበቅሎ ነጂ የሚያዘውም እዚያው ነው። የመንገዱ የጸጥታ ሁኔታም በጊዜው መጠየቅ ያለበት ከዚያ ነው፤ ጥያቄው ከጎንደር ከመነሳት በፊት ቢጀመር ይመረጣል። ሁለተኛው ሌሊት ሳንቃበር በ3,250 ሜትር ነው። ሦስተኛው፣ የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ፣ ግጭ በ3,600 ሜትር ነው። ግጭ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ሰው የሚኖርበት መንደር ነበር፤ በዚያ ዓመት ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። አሁን ጓሳና ጅብራ የሞላበት ሰፊ ሜዳ ነው። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆይና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የአበባ ምሰሶ አውጥቶ ይሞታል፤ በአንድ መስክ ላይ የቆሙትንና የደረቁትን ጎን ለጎን ማየት ሰውን ዝም ያሰኛል።

በማግሥቱ ወደ እሜት ጎጎ ይወጣል፤ 3,926 ሜትር ነው፤ ከዚያ ለመኝታ 3,620 ላይ ወዳለው ጨነቅ ይወርዳል። ቀጥሎ ያለው ቀን ደግሞ ቧሂትን በ4,200 ሜትር ተሻግሮ፣ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ድረስ ወርዶ፣ እንደገና ትንሽ ወጥቶ አምቢቆ በ3,200 ሜትር ማደር ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ አድካሚ ቀን ነው፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ግን አቀማመጡን አስተውሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ሰውነት 3,926ን ከዚያም 4,200ን ቀምሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። የሐኪም ማዘዣ የተከተለ ይመስላል። በመኪና ጨነቅ የደረሰው ሰው ከጨነቅ በፊት ያለውን ሁሉ ዘሏል፤ ያተረፈው ሦስት ቀን፣ የከሰረው የደሙን ዝግጅት።

ከአምቢቆ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ የሚወሰነው በአስጎብኚውና በእንግዳው መካከል ባለው ንግግር ነው። ስለዚህ ንግግር ብዙ ማለት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ መንገዱን ስለሚመራው የአገሬው ሰው። የሰሜን ተራሮች ስካውት በኮንጎ ጫማ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ አይሰማም። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። ሲንቲያ ቤል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምረው ነበር። የአንዲስ ተራሮች ኗሪዎች ለከፍታው መልስ የሚሰጡት ሄሞግሎቢናቸውን ከፍ በማድረግ እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል ከፍ ባይልም በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ ነው። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም ተለዩ። ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የማይበልጥ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ያልጎደለ ሆኖ ተገኘ። የሰው ልጅ ለከፍታ ያገኘው ሦስተኛ መልስ በእኛ ደጋ ውስጥ ነበረ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ኩራት ይሰማኛል፤ ጥናቱ ከዚያ በኋላ ብዙ የዘረመል ምርምሮችን የቀሰቀሰ ነው።

ኩራቱ ግን ለአዲስ አበባው ወይም ለዲሲው ተጓዥ ዋስትና አይሆንም። አያቱ ደጋ ቢወለዱም እሱ ባሕር ጠለል አጠገብ ዓመታት ከኖረ፣ የትንፋሹና የኩላሊቱ ልምምድ እንደማንኛውም እንግዳ ከዜሮ ይጀምራል። አስጎብኚውም ሌላ ችግር አለበት። እሱ ራሱ ከፍታው ስለማያመው የሰውነቱ ስሜት የእንግዳውን ሕመም አይነግረውም። የሚያውቀው አይቶና ጠይቆ ነው። እንግዳው ካልተናገረ ጥሩ አስጎብኚም ዓይኑ ይታሰራል።

እኛ ደግሞ መናገር አንወድም። ጧት ከድንኳን ስንወጣ "እንዴት አደሩ?" ስንባል አፋችን አስቀድሞ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ይጨርሳል። ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ያምራል፤ 3,600 ሜትር ላይ ግን መረጃ አይሆንም። የተማረ አስጎብኚ ስለዚህ በጥቅሉ አይጠይቅም። "ጋሼ፣ ቁርስዎን ጨረሱ? ሌሊት ራስዎን አሞዎት ነበር? ሽንትዎስ?" ይላል። የምግብ ሳህኑን ያያል። ከሰልፉ ኋላ የቀረውንና ዝም ያለውን ያያል። የተራራ ሕመም መጀመሪያው ራስ ምታት ነው፤ ከሱ ጋር የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም ማዞር ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ ይያዛል። በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ወደ ላይ አይሄድም። ባለበት ያድራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያርፋል፤ ከተሻለው ይቀጥላል፣ ካልተሻለው ይወርዳል።

የሚገድሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል፣ ኋላ ሳሉ ቀላ ያለ አረፋ ያወጣል። ሁለተኛው የአንጎል እብጠት ነው፤ ሰውየው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል። ፈተናው ቀላል ነው። መሬት ላይ መሥመር ተሰምሮ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነኩ በቀጥታ መራመድ። ያቃተው ሰው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው ደግፎት ይወርዳል። ኦክስጅንም መድኃኒትም ቢኖር የመውረድን ያህል የሚያድን ነገር የለም። እዚህ ላይ የአገሩ አቀማመጥ አንድ ነገር ያስገድዳል። አምቢቆ ላይ የታመመን ሰው ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ለመውሰድ ቧሂትን በ4,200 ሜትር ማሻገር ያስፈልጋል፤ ይህ በሽታውን ማባባስ ነው። መጀመሪያ ወደ መሸሃ ወንዝ ማውረድ፣ እዚያ ነፍሱ እስክትመለስ መጠበቅ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ይህን ውሳኔ ለታማሚው መተው አይቻልም፤ የከፍታ ክፋቱ መጀመሪያ የሚነካው ማመዛዘኛን ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ሦስት ፈረንሳውያን ዘኒት በተባለች ባሎን ወደ 8,000 ሜትር ወጡ። ኦክስጅን የያዙ ከረጢቶች ከራሳቸው በላይ ተንጠልጥለው ነበር። ክሮሴ ስፒኔሊና ሲቬል ሞተው ተገኙ፤ የተረፈው ቲሳንዲየር እንደጻፈው በዚያ ሰዓት የተሰማው ጭንቀት ሳይሆን ደስታ ነበር፤ እጁን ወደ ከረጢቱ ለማንሳት ሲያስብ ግን እጁ አልታዘዘውም። ፖል ቤር የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ የያዙት ኦክስጅን እንደማይበቃ አስጠንቅቆ ደብዳቤ ጽፎላቸው ነበር፤ ደብዳቤው ዘገየ። ራስ ደጀን 8,000 ሜትር አይደለም። ነገር ግን 4,300 ላይ "ደህና ነኝ፣ እንቀጥል" የሚል ሰው ቃሉ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ታዲያ ማን ይወስን? የ25 ዓመት ወጣት ነው አስጎብኚው፤ እንግዳው ጸጉሩ የሸበተ፣ ገንዘብ የከፈለ፣ ምናልባትም ዶክተር የሚባል ሰው። ወጣቱ "ጋሼ፣ ዛሬ እዚህ እናድራለን" ለማለት ያፍራል። "እንደ ፈቀዱ" ማለት ይቀለዋል። በባህላችን ታናሽ ታላቁን አይመልስም፤ ይህ መልካም ጠባይ ተራራ ላይ ሰው ያስገድላል። መፍትሔው ከደባርቅ ሳይነሱ መነጋገር ነው። ታላቁ ራሱ፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ልጄ፣ መመለስ አለብን ካልክ እንመለሳለን፤ ሒሳብህም ጉርሻህም አይጎድልም" ሊለው ይገባል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከማንኛውም ጃኬት ይበልጥ ታሞቃለች። ያለ እሷ፣ አስጎብኚው በየቀኑ የእንጀራ ገመዱንና የእንግዳውን ነፍስ እያመዛዘነ ይሄዳል።

ኪሊማንጃሮም ላይ ያለው ነገር ያው ነው፣ በሰፊው። በ5,895 ሜትሩ አናት ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ግማሽ ያህል ነው፤ እዚያም ገመድ አያስፈልግም፤ ያለ አስጎብኚም አይፈቀድም። የፓርኩ ክፍያ በቀን የሚቆጠር ስለሆነ አጭሩ ጉዞ ርካሽ ነው፤ በማራንጉ በኩል በአምስት ቀን ወጥቶ መመለስ ይሸጣል። ገዥው ያተረፈው ገንዘብ የመላመጃ ቀኑ ዋጋ ነው። በማቻሜ በኩል የሚወጡት ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ቀን ላቫ ታወር የሚባለውን ቋጥኝ በ4,600 ሜትር ያዩና ለመኝታ ወደ ባራንኮ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ይወርዳሉ። የቻጋ ሰዎችና ሌሎቹ የታንዛኒያ አስጎብኚዎች ቀኑን ሙሉ "ፖሌ ፖሌ" እያሉ፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው፣ ከፊት ሆነው ሰልፉን ይይዛሉ። ማንም እንዳይቀድማቸው ይከለክላሉ። ብዙ ጎረምሳ ይበሳጭባቸዋል። ኪሊማንጃሮን የሚያስብ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ራስ ደጀንን ቢወጣ ሰውነቱ ከፍታን እንዴት እንደሚቀበል በአገሩ፣ በቋንቋው ያውቃል።

ስለ መድኃኒት ጥቂት። አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ፣ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን ቶሎ እንዲያስወግድ በማድረግ መላመዱን ያፋጥናል። ለመከላከል የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመውጣቱ ዋዜማ ይጀመራል። ጣትን ያደነዝዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም ያበላሻል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ሐኪም ሳያማክር አይነካውም። ዳያሞክስ ቀን አይተካም። አረቄና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማሉና፣ ደባርቅ ላይ የሚቀርበው መለኪያ ለመልሱ ቢቆይ ይሻላል።

ምግቡን የደጋው ሰው ከጥንት ያውቀዋል። ከፍታ ላይ ሰውነት ከቅባት ይልቅ ከእህል በሚገኝ ጉልበት ሲሠራ ኦክስጅን ይቆጥባል። ለዚህ ከበሶና ከቆሎ የተሻለ ስንቅ አይገኝም፤ ምግብ የጠላው አፍም በሶ በማር ቢበጠበጥለት ይቀበላል። ጨነቅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ባቄላና ምስር ያለ ልክ ይቆያሉ፤ ምግብ አብሳዩ ሽሮ የሚያበዛው ወዶ አይደለም። የጾም ወራት ከሆነ የእስከ ዘጠኝ ሰዓቱን ጾም ከነፍስ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ውኃ ሳይጠጡ ቧሂትን መሻገር ከባድ ነው።

ብርዱን አትናቁ። በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ ቆሞ በነበረውና ኮስማስ የተባለ ተጓዥ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በገለበጠው ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ የሰሜን ተራሮች የሚጠቀሱት እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዷቸው ነው። ዛሬ እንዲያ ያለ በረዶ ባይኖርም፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውኃ በጀሪካን ውስጥ ይረጋል። ፀሐዩም በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ጠይም ቆዳም ቢሆን ኮፍያና መነጽር ይፈልጋል።

የመጨረሻው ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከአምቢቆ እስከ አናቱ 1,350 ሜትር ዳገት አለ፤ ወጥቶ ለመመለስ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት ይፈጃል። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ፣ ከኋላው ያለው ሰው እየተራመደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በሚችልበት ፍጥነት ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። ማንም ቢቀድም ይመልሰዋል። የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰናል፤ ጫፉ ቢታይም ባይታይም ሰዓቱ ሲደርስ ፊት ይዞራል። አናቱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ቋጥኞች አሉ፤ ከአንዱ ላይ ሲታይ ሌላው የሚበልጥ ይመስላልና ለሚጠራጠሩ እንግዶች ስካውቱ በትዕግሥት ያስረዳል። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን መኮንኖች በ1841 እ.ኤ.አ. ወጥተው መዝግበውታል፤ ከእነሱ በፊት የወጣውን እረኛ ማንም አልመዘገበውም።

ከአናቱ የተመለሰ ሰው ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። በማግሥቱ ግን መሸሃ ወንዝን ተሻግሮ ከ2,800 እስከ 4,200 ሜትር ቧሂትን እንደገና ይወጣል፤ ዳገቱ ከራስ ደጀኑ ቀን ይበልጣል፤ እግሩም ትናንት አልቋል። ለአናቱ ሲሉ ሁሉን ኃይላቸውን የጨረሱ ሰዎች ቁጭ የሚሉት እዚህ ነው። ደባርቅ ላይ የበቅሎ ሒሳብ ሲሰላ ለጭነት ከሚያስፈልጉት በላይ አንዲት ባዶ በቅሎ ከነኮርቻዋ እንድትከተል መዋዋል ያስፈልጋል፤ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሰርዟት ብዙዎች ናቸው። የምትፈለገው ለዚህ ቀን ነው፤ ሌሊት ወደ ወንዙ መውረድ ያለበት ሰው ከተገኘ ደግሞ ለዚያ።